ለየትኛው ሰርቪስ ልክፈል?

ባሕር ዳር ውስጥ መኪናዎን ይዘው ጋራዥ የሚገቡት አብዛኛውን ጊዜ ዘይት ለማስቀየር ነው። ሲወጡ ግን ካንዴላ ተቀይሯል፣ ሞተሩ ታጥቧል፣ ከዘይቱ ጋርም «ሞተር የሚያጠነክር» የተባለ ጠርሙስ ተጨምሯል። ሒሳቡ ካሰቡት እጥፍ ሆኗል። መካኒኩ አታልሎዎታል ማለት አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ የለመደውን ነው የሚሠራው። ከፋዩ ግን እርስዎ ነዎትና የሚያስፈልገውን ከማያስፈልገው መለየት የእርስዎ ድርሻ ነው።

ነገሩ ዛሬ ከድሮው ይከብዳል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደው። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ ከውጭ የሚመጣው ዘይትና መለዋወጫ ዋጋው ተሰቀለ። ስለዚህ ግቢዎ ውስጥ የቆመችው ቪትዝ ወይም ኮሮላ በቀላሉ የምትተካ አይደለችም።

የእኔ መለያ አንድ ጥያቄ ነው። «ይህን ብተወው ምን ይበላሻል? የተበላሸውን ማሠራትስ ስንት ይፈጃል?» መልሱ ሞተር፣ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ወይም ፍሬን ከሆነ አይከራከሩ፤ ይክፈሉ። መልሱ «ምንም አይሆንም፣ ግን ቢደረግ ጥሩ ነው» ከሆነ «ይቅርብኝ» ይበሉ።

ከሞተር ዘይት እንጀምር፤ ገንዘቡ በብዛት የሚወጣው እዚህ ላይ ነው። ዘይት የሚፋተጉትን ብረቶች ያለያያል፣ ሙቀት ያወጣል፣ ጥቀርሻ ይሰበስባል። ሲያረጅ ሦስቱንም ይተዋል።

በስንት ኪሎ ሜትር ይቀየር? ብዙ ጋራዥ 3,000 ይልዎታል። ቶዮታ ለጃፓን ገበያ ለሠራቸው ተራ የቤንዚን መኪኖች የሰጠው ቁጥር 15,000 ኪሎ ሜትር ወይም አንድ ዓመት ነው። አነዳዱ አስቸጋሪ ሲሆን ግን በግማሽ ያወርደዋል፤ 7,500 ወይም ስድስት ወር። የባሕር ዳር አነዳድ አስቸጋሪ ከሚባለው ይመደባል። ከቤት ገበያ፣ ከገበያ ትምህርት ቤት ስንል ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ እናጠፋዋለን፤ ከከተማ ስንወጣም በበጋ አቧራው አይጣል ነው። በዚህ ላይ የዘይቱንም የቤንዚኑንም ጥራት ሁልጊዜ እርግጠኛ መሆን አይቻልም። ስለዚህ 5,000 ኪሎ ሜትር ወይም ስድስት ወር፣ ቀድሞ በደረሰው ማስቀየር ተገቢ ነው እላለሁ። ወሩን አይርሱት፤ ነዳጅ ሲጠፋ ወይም መንገድ ሲዘጋ መኪናው ቆሞ ቢከርምም ዘይቱ ማርጀቱን አይተውም።

ልዩነቱ በብር ስንት ነው? ለስሌት ያህል አንድ ቅያሪ ከነፊልትሮው 6,000 ብር ይፈጃል እንበል። በዓመት 15,000 ኪሎ ሜትር የሚነዱ ከሆነ፣ በየ5,000ው ሦስት ጊዜ አስቀይረው 18,000 ብር ያወጣሉ። በየ3,000ው ቢሆን አምስት ጊዜ፣ 30,000 ብር ነው። የ12,000 ብሩ ልዩነት ሌላ ብዙ ነገር ይሸፍናል።

ፊልትሮው (የዘይት ማጣሪያው) ሁልጊዜ ከዘይቱ ጋር ይቀየር። አዲስ ዘይት በቆሸሸ ማጣሪያ ውስጥ ማሳለፍ ብክነት ነው።

ወፍራም ዘይት ይሻላል የሚባለውስ? ጄሪካኑ ላይ እንደ «5ደብልዩ-30» ወይም «20ደብልዩ-50» ያለ ጽሑፍ አለ። የፊተኛው ቁጥር ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ዘይቱ እንዴት እንደሚፈስ፣ የኋለኛው ሲሞቅ ምን ያህል እንደሚወፍር ያሳያል። ትንንሾቹ አዳዲስ የቶዮታ ሞተሮች የተሠሩት ለቀጭን ዘይት ነው። 20ደብልዩ-50 ሲሞላባቸው ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ ዘይቱ ላይ እስኪደርስ ይዘገያል፣ ቤንዚንም ይበላል። ሞተርዎ ዘይት የሚበላ አሮጌ ካልሆነ በስተቀር የመኪናውን መጽሐፍ ይከተሉ።

አስመስሎ የተሠራ ዘይት ገበያው ውስጥ አለ። ጄሪካኑን ራስዎ ይግዙ፤ የክዳኑን ቀለበት ይዩ፣ ያልተበጠሰ ይሁን፣ ዓይንዎ እያየ ይከፈት። ባዶውን ጄሪካን ይዘው ይሂዱ ወይም ቀዳደው ይጣሉት፤ ደህና ሆኖ የተጣለ ጄሪካን ሐሰተኛ ዘይት ሊሞላበት ይችላል።

ቀጥሎ የራዲያተሩ ውሃ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሞተር ደግሞ 90 ዲግሪ አካባቢ ሆኖ ነው የሚሠራው። መሐል ያለችው ክፍተት በጣም ጠባብ ናት። ውሃው እንዳይፈላ የሚጠብቀው የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ ግፊት ይዞ መፍያውን ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። የክዳኑ ላስቲክ ከደረቀ ወይም ከተሰነጠቀ አዲስ ይግዙ፤ ርካሽ ነው። ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ ግን በፍጹም አይክፈቱት።

ኩላንት (ዝገት የሚከላከለው ባለቀለም ፈሳሽ) ገንዘቡን ያወጣል ወይ? አዎ። ተራ ውሃ ራዲያተሩን ያዝጋል፣ ቧንቧውን በድንጋያማ ዝቃጭ ይደፍናል። ከዚያ ሞተሩ ሞቆ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (የሞተሩን ክዳንና ግንድ የሚያጣብቀው ንጣፍ) ከተቃጠለ የእጅ ዋጋው ብቻ የብዙ ዓመት ኩላንት ይገዛል። ሞተር ሲሞቅ «ተርሞስታቱን አውጥተን እንጣለው» ካሉዎት እምቢ ይበሉ። ተርሞስታት የውሃውን መዞር የሚቆጣጠር በር ነው። ከወጣ ሞተሩ በቂ ሳይሞቅ ይሠራል፣ ቤንዚን ይጨርሳል፣ ዋናው ችግርም ተሸፍኖ ይቀመጣል።

ፍሬን ላይ ቁጠባ የለም። ሸራው ሲሳሳ ይቀየር፤ ብረት ከብረት ከተፋተገ ዲስኩንም ይዞት ይሄዳል። ብዙ ሰው የሚረሳው የፍሬን ዘይቱን ነው። ይህ ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን 140 አካባቢ ሊፈላ ይችላል። ከተማው ሜዳ ስለሆነ ይህ አይታወቅዎትም። ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ ግን ከደጀን በኋላ መንገዱ ወደ ዓባይ በረሃ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። ፍሬን ረግጠው ከወረዱ ዘይቱ ይፈላል፣ መርገጫው እስከ ወለሉ ይገባል። በየሁለት ዓመቱ ያስቀይሩት፤ ጥቂት ብር ነው። ቁልቁለቱንም በከባድ ማርሽ ይውረዱ።

ሚኒባስ ወይም ፒክአፕ ያላችሁ ደግሞ ይህን ልብ በሉ። በአሮጌዎቹ የናፍጣ ሃይሉክሶችና ሃይሶች ውስጥ ታይሚንግ ቺንጋ አለ። የሞተሩን የላይና የታች ክፍል አቀናጅቶ የሚያዞር ባለጥርስ የላስቲክ ቀበቶ ነው። በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀየራል፤ ጊዜው ሲደርስ ዳሽቦርዱ ላይ «ቲ-ቤልት» የሚል መብራት የሚያበሩ አሉ። መብራቱን ቆጣሪውን መልሶ ማጥፋት ይቻላል፣ ቺንጋውን ግን አያድሰውም። መንገድ ላይ ከተበጠሰ ፒስቶንና ቫልቭ ይጋጫሉ፤ ሞተር መክፈት ነው። ያገለገለ መኪና ገዝተው መቼ እንደተቀየረ ማረጋገጫ ካላገኙ፣ እንዳልተቀየረ ይቁጠሩት።

አውቶማቲክ ቪትዝ ያለው ሰው ካምቢዮው ሲቪቲ መሆን አለመሆኑን ይጠይቅ። ሲቪቲ በጥርስ ማርሽ ምትክ በብረት ቀበቶ የሚሠራ ነው። የራሱ ዘይት አለው። ተራ የአውቶማቲክ ዘይት ከተሞላበት ይበላሻል፤ ጥገናውም መኪናውን እስከ መሸጥ ያስመኛል።

ጎማ ሲገዙ ጎኑ ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች ያንብቡ። 2419 ካለ በፈረንጆች 2019 ዓመት በ24ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ንፋሱን በየሁለት ሳምንቱ ጎሚስታ ጋ ያስለኩ። አላይመንት (የጎማ አቀማመጥ ማስተካከል) የሚከፈልበት መሪው ወደ አንድ ጎን ሲስብ ወይም ጎማው በአንድ ወገን ሲበላ ነው።

ታዲያ የቱን እምቢ ልበል? ሞተር ፍላሽ፣ ማለትም የሞተሩን ውስጥ በኬሚካል ማጠብ፣ ዘይቱን በጊዜው ለሚቀይር አያስፈልግም። ለአሮጌ ሞተር ደግሞ አደጋ አለው፤ የተላቀቀው ጭቃ የዘይቱን መሳቢያ ሊደፍን ይችላል። ተጨማሪ ጠርሙሶችንም እንዲሁ ይተዉ። ኖዝል (ነዳጅ የሚረጨውን ክፍል) ማጽዳት ሞተሩ ሲንተፋተፍ እንጂ በየሰርቪሱ አይደለም። ተራ ካንዴላ 20,000 ኪሎ ሜትር፣ ኢሪዲየም የሚባለው 100,000 ገደማ ይሄዳል። የአየር ማጣሪያ በየጊዜው ማስነፋት ይበቃል፤ ወደ ብርሃን ሲያዩት ብርሃኑ ካላለፈ ይቀየር። ሞተሩን በናፍጣ ማሳጠብ ከውጭ ያሳምረዋል፣ ላስቲኮቹን ግን ያበላሻል።

አንድ ነገር ደግሞ መካኒኩን ይጠይቁ፤ የተቃጠለውን ዘይት የት ነው የምትደፉት? ባሕር ዳር ላይ ቦይ ውስጥ የፈሰሰ ነገር መጨረሻው ጣና ወይም ዓባይ ነው። ሐይቁ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ዓሣ አጥማጁም የሚኖረው በዚሁ ውሃ ነው። በርሜል ያለው ጋራዥ ይምረጡ። የተጠራቀመውን ዘይት የኮንክሪት ቅርጽ ለመቀባትና የአጥር እንጨት ከምስጥ ለመከላከል የሚፈልጉ ሰዎች አያጡም።