አዋላጅ ነርስና የአገር የወሊድ ልማድ

አዋላጅነት በኢትዮጵያ ከሆስፒታል በፊት የነበረ ሥራ ነው። በክርስቲያኑ የአማራ ገጠር ምጥ የያዛትን ሴት የምትረዳው በዕድሜ የበሰለች፣ ራሷም የወለደች የልምድ አዋላጅ ናት። የሠፈሩ ሴቶችም ተሰብስበው «ማርያም፣ ማርያም» እያሉ ይለምናሉ። ወላዲቱ ብዙውን ጊዜ ተንበርክካ ትወልዳለች፤ ሕፃኑ ሲወለድ እልል ይባላል፤ ገንፎ ይገነፋል፤ የእንግዴ ልጁም ይቀበራል።

አዋላጅ ነርስ ወደዚህ ሥርዐት የምትገባው ሌላ ዕውቀት ይዛ ነው። ተግባሯም በሦስት ይከፈላል። አንደኛ፣ በእርግዝና ወራት የደም ግፊትን ትለካለች፤ የደም ማነስንና የፅንሱን አቀማመጥ ትመረምራለች። ሁለተኛ፣ በምጥ ጊዜ የማኅፀን አፍ መከፈቱንና የፅንሱን የልብ ምት ትከታተላለች። ምጡ ከልክ በላይ የተራዘመ እንደ ሆነ ሳትዘገይ ወደ ሐኪም ትልካለች፤ ይህ ካልሆነ ፅንሱ ሊሞት፣ እናቲቱም ለፊስቱላ ልትዳረግ ትችላለችና። ሕፃኑ እንደ ተወለደም ብዙ ደም እንዳይፈስ ለእናቲቱ 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን ትወጋታለች። ሦስተኛ፣ ሕፃኑን አድርቃ ከእናቱ ገላ ታስጠጋዋለች፤ በ1 ሰዓት ውስጥም ጡት እንዲይዝ ታደርጋለች። አራሷንም በተለይ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓቶች በቅርብ ትጠብቃለች።

አስቸጋሪው ነገር ከልማዱ የሚጎዳውን ከማይጎዳው መለየት ነው። አራስ ሕፃንን ቅቤ ማዋጥና እንገርን አልቦ መድፋት ጎጂዎች ስለ ሆኑ በምክር መቅረት አለባቸው። ተንበርክኮ መውለድ፣ የዘመድ አጠገብ መሆን፣ ጸሎትና ገንፎ ግን የሚከለከሉበት ምክንያት የለም። የእንግዴ ልጁንም ቤተ ሰቡ ሊቀብረው ቢጠይቅ ጥያቄውን ማቃለል አይገባም።

ይህም የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት በጤና ድርጅት የተፈጸመው ወሊድ እ.ኤ.አ. በ2005 ከመቶ 5 ያህል ነበር፤ በ2016 ወደ 26፣ በ2019 ደግሞ ወደ 48 ከፍ አለ። እድገቱ ታላቅ ቢሆንም በዚያ ዓመት እንኳ ከእኩሌታ የሚበልጠው ወሊድ በቤት ነበር። እናቶችን በቤት ያስቀረው የመንገድ ርቀት ብቻ ሳይሆን፣ ከዘመድ ተለይቶ በጀርባ ተንጋሎ መውለድን መፍራትም ጭምር ነው። ይህን የተረዱ ጤና ጣቢያዎች ገንፎውንና ቡናውን በግቢያቸው ማዘጋጀት ጀምረዋል።

ስለዚህ አዋላጅ ነርስ ከሕክምናው ትምህርት ጋር የምታገለግለውን ሕዝብ የወሊድ ልማድ ልታጠና ይገባታል። የባህል ተመራማሪም ይህን ልማድ በየአውራጃው ሲመዘግብ፣ መዝገቡ በማዋለጃ ክፍል የሚያገለግል መሆኑን ሊያስብ ይገባዋል።