ወንበር ያጎበጡ የሞራቪያ ከተሞች

ክብ መቀመጫና ጎበጥ ያለ መደገፊያ ያለው ቀላሉ የእንጨት ወንበር በብዙ አገር «የቪየና ወንበር» ይባላል። የተሠራው ግን ከቪየና ርቆ፣ በዛሬዋ ቼክ ሪፐብሊክ፣ በሞራቪያ ጫካዎች ሥር በሚገኙ ትንንሽ ከተሞች ነው።

የወንበሩ ፈጣሪ ሚካኤል ቶኔት በራይን ወንዝ ዳር በቦፓርድ የተወለደ አናጢ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1842 ቪየና ገባ። በ1856 በሞራቪያ፣ ኮሪቻኒ ላይ ፋብሪካ ከፈተ፤ በ1861 ደግሞ ቢስትርዢትሴ ላይ ሌላ ጨመረ። ወደ ገጠር የሳበው ቢች የተባለው ዛፍ ነው፤ በአካባቢው ሞልቷል። ሥራ ፈላጊ ገበሬም አልጠፋም።

ገበሬው የአናጢነት ሙያ አያስፈልገውም ነበር። ቀድሞ አንድ ባለሙያ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚሠራውን ወንበር ቶኔት ለብዙ ሰው አከፋፈለው። አንዱ እንጨቱን አድቦልቡሎ ዘንግ ያደርገዋል፤ ሌላው በእንፋሎት ያለሰልሰዋል። ከዚያ ሳይቀዘቅዝ በፍጥነት በብረት ቅርጽ ላይ ይጎብጣል። በእንፋሎት የለሰለሰ እንጨት መታመቅ ይችላል፣ መለጠጥ ግን አይወድም፤ ስለዚህ በውጭ በኩል ቀጭን ብረት ታስሮበት እንዳይሰነጠቅ ይደረጋል። የቶኔት ትልቁ ብልሃት ይህ ነው።

የእንጨቱን ገጽ ማለስለሱ፣ ቫርኒሽ መቀባቱና ማሸጉ በአብዛኛው የሴቶች ድርሻ ነበር። መቀመጫውን በራታን ልጣጭ የመሸመን ሥራ ደግሞ ከፋብሪካው ወጥቶ ቤት ድረስ ይገባ ነበር። የታሪክ መጻሕፍት ስለ ፈጣሪው ብዙ ይላሉ፤ ስለነዚህ ሴቶች ግን የሚገባቸውን ያህል አልተጻፈም። ያለ እነርሱ እጅ ወንበሩ ለተራው ሰው ኪስ በሚመጥን ዋጋ አይወጣም ነበር።

«የቪየና ወንበር» የሚባለው፣ በ1859 የወጣው 14 ቁጥር ወንበር 6 እንጨት፣ 10 ብሎንና 2 ዳዶ ብቻ ነው። ተፈታትቶ 36ቱ በ1 ሜትር ኩብ ሳጥን ውስጥ ይገባል፤ በባቡርና በመርከብ ተጉዞ በደረሰበት ይገጣጠማል። እስከ 1930 ድረስ 50 ሚሊዮን ያህል ተሸጧል።

የቶኔት የፈጠራ መብት በ1869 ሲያበቃ ተፎካካሪዎች ተነሡ። ከሁሉ የበረታው የኮን ድርጅት በዚያው በሞራቪያ፣ ቭሴቲን ከተማ ፋብሪካ አቋቋመ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የቢስትርዢትሴው ፋብሪካ በመንግሥት ተወረሰ፤ በ1953 ቶን የሚል ስም ተሰጠው። ዛሬ በግል ባለቤትነት ይሠራል። በኮምፒዩተር የሚታዘዙ ማሽኖች ገብተውለታል፤ ቢቹን ከእንፋሎት አውጥቶ የማጉበጡ ሥራ ግን አሁንም በሠራተኞች እጅ ይከናወናል፤ 14 ቁጥርም ከዚያው ይወጣል።