የጉሊት ሴቶች በታደሰ መስፍን ሥዕሎች

ሥነ ጽሑፍ የምናጠና ሰዎች ስለ ሥዕል ስንጽፍ አንድ ልማድ አለን። ሸራው ላይ ያለችውን ሴት አይተን «ፊቷ ላይ ሐዘን ይነበባል» እንልና እናልፋለን። ሐዘኑ በምን እንደ ተገለጸ፣ ከጎኗ ከቆመችው ሴት ጋር ምን እንደሚያገናኛት አንጠይቅም። ስለ ልብ ወለድ ገጸ ባሕርይ እንዲህ የጻፈ ተማሪ ቢያጋጥመን ግን ማስረጃ አምጣ እንለው ነበር። በዚህ አጭር ጽሑፍ፣ የሰዎች ግንኙነት ያለ ታሪክና ያለ ንግግር በሸራ ላይ እንዴት እንደሚገለጽ በሠዓሊ ታደሰ መስፍን ሥራዎች ለማሳየት እሞክራለሁ። ሥዕሎቹን የማውቃቸው በኅትመት ስለሆነ ስለ ቀለሙ አቀባብ ብዙ አልልም።

ታደሰ መስፍን በ1953 እ.ኤ.አ. ወልድያ ተወለዱ። በአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ ኋላም በሌኒንግራድ ተምረው፣ ዛሬ አለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት በሚባለው ተቋም ለረጅም ዓመታት አስተምረዋል። «የሕይወት ምሰሶዎች» የሚል ትርጉም ያለው ስም የሰጧቸው ተከታታይ ሥዕሎች የጉሊት ነጋዴ ሴቶችን ይመለከታሉ።

ሴቶቹ ረዣዥሞች ናቸው፤ ይቆማሉ ወይም ቁጢጥ ይላሉ። ከኋላቸው ሕንፃም መንገድም የለም፤ መቼቱ ደብዝዟል። ሽንኩርቱና ቲማቲሙ እንኳ የቀለም ነጠብጣብ ወደ መሆን ተቃርቧል። አንዷ ከፊት ገዝፋ ስትታይ ሌሎቹ ወደ ኋላ እያነሱ ይሄዳሉ። እርስ በርስ አይነጋገሩም። ግንኙነታቸው የሚነበበው በመካከላቸው ካለው ርቀትና ከአቋማቸው መመሳሰል ነው። ብዙዎቹ ፊታቸውን ወደ ተመልካቹ መልሰዋል። እንግዲህ በሥዕሉ ውስጥ የሌለው ገጸ ባሕርይ፣ ማለትም ገዢው፣ እኛው ነን። በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን አሣሣል ጻድቃን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ፊት ለፊት፣ ርኩሳን መናፍስት ደግሞ በአንድ ዓይን ከጎን እንደሚሣሉ አንባቢ ያስታውሳል። ለእኔ እንደሚመስለኝ የጉሊቷ ሴት ፊት ለፊት መቆም ከዚያ ማዕረግ የሚካፈለው አለ። ስለዚህም ልናዝንላት ስንቃጣ አቋሟ ይከለክለናል።

ይሁን እንጂ አንድ ቅሬታ አለኝ። በምኖርበት በሐዋሳ አዲስ ከተማ ጉሊት የዘረጉ ሴቶች ዝም አይሉም። አንዷ ስትነሣ ሌላዋ መደቧን ትጠብቅላታለች፤ ዝርዝር ይበዳደራሉ፤ በደንበኛ ይቀናናሉ፤ ተኳርፈውም በማግስቱ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ምሰሶ ይሸከማል እንጂ አያኮርፍም። ሠዓሊው ክብር ሲሰጧቸው ይህን የዕለት ተዕለት መፋጨት ትተውታል። የሥዕሎቹ ኃይልና ጉድለት ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ይመስለኛል።

ጉዳዩን ይበልጥ ግልጽ የሚያደርገው የተማሪያቸው የተስፋዬ ኡርጌሳ ሥራ ነው። ተስፋዬ በ1983 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ተወልዶ፣ ከታደሰ ከተማረ በኋላ በጀርመን አገር በሽቱትጋርት ትምህርቱን ቀጠለ። በ2024 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ በቬኒስ ቢዬናሌ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን ድንኳን ስትከፍት የቀረቡት የእርሱ ሥዕሎች ነበሩ። በእነዚህ ዘንድ ርቀት የለም። ሰዎቹ በጠባብ ክፍል ተደራርበዋል፤ የማን እግር የማን እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። ዓይኖቻቸው ግን እምብዛም አይገናኙም። አንዱ ሌላውን ተደግፎ ወደ ሌላ አቅጣጫ ያያል። እነዚህ ሰዎች ቤተሰብ ይሁኑ ስደተኞች ሥዕሉ አይነግረንም፤ የመምህሩ ሴቶች ግን ማን እንደሆኑ ከመደባቸው ይታወቃል።