ይጠገን ወይስ ይፈታ? የቆመ የውሃ ፓምፕ ጉዳይ

ከወልድያ በደሴ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ መርሳ የደረሰ መንገደኛ ዓይኑ የሚያርፈው ፓፓያውና ማንጎው ላይ ነው። በሀብሩ ወረዳ ቦይ በማይደርስባቸው ማሳዎች ግን ሽንኩርቱንና ቲማቲሙን የሚያጠጣው ከወንዝ ዳር የሚንኳኳው ትንሽ የውሃ መሳቢያ ሞተር ነው። ይህ ሞተር ሽንኩርቱ ራስ በሚይዝበት ወቅት ከቆመ ባለቤቱ ለማሰብ ፋታ አያገኝም። ወይ የተጠየቀውን ከፍሎ ያስጠግናል፣ ወይ ተማርሮ ለብረት ሰብሳቢ በኪሎ ይሸጠዋል።

ሁለቱም ከመወሰናቸው በፊት በሽታው የት እንዳለ መለየት አለበት። ሞተሩ እየሠራ ውሃ ካልመጣ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሞተሩ አይደለም። የመሳቢያ ቱቦው አየር ያስገባ ይሆናል፤ ጫፉ ላይ ያለው ቫልቭ በደለል ተዘግቶ ወይም የፓምፑ ሲል ተበልቶም ይሆናል። አንዳንዴ ደግሞ ምንም የተበላሸ ነገር የለም፤ ውሃው ብቻ ርቋል። ፓምፕ ውሃን ወደ ላይ የሚያመጣው በአየር ግፊት ታግዞ ስለሆነ በባሕር ወለል ላይ እንኳ ከ10 ሜትር በላይ መሳብ አይችልም። ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው መርሳ ይህ ልክ ወደ 8 ሜትር ተኩል ይወርዳል፤ በተግባር ከ6 ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። በበጋ ወንዙ ሲጎድል መፍትሔው ጋራዥ ሳይሆን ፓምፑን ወደ ውሃው ማውረድ ነው።

ሞተሩ አልነሳ ካለ ቤንዚኑን፣ ካርቡራተሩንና ካንዴላውን ማየት ይቀድማል፤ እነዚህ ቀላል ወጪ ናቸው። የማስነሻ ገመዱ ሲሳብ ምንም የማይከብድ ከሆነ ግን ግፊቱ ጠፍቷል። ሰማያዊ ጭስ እያወጣ ዘይት የሚጨርስ ሞተር ፋሻው ወይም ሲሊንደሩ አልቋል ማለት ነው። ያለ ዘይት ሠርቶ የደረቀ ሞተር፣ ቢዬላው ከተሰበረ፣ ከሁሉም የከፋው ነው።

እዚህ ላይ ስሌት ያስፈልጋል። በእኔ ግምት የጥገናው ወጪ ከአዲስ ፓምፕ ዋጋ ከግማሽ ካለፈ ማስጠገኑ አያዋጣም፤ የትራንስፖርቱና ሞተሩ ቆሞ የሚባክነው የውሃ ተራም መታሰብ አለበት። መለዋወጫው ወልድያ ከሌለና ከአዲስ አበባ የሚጠበቅ ከሆነ ዋጋው ርካሽ ቢሆንም የማሳው ሽንኩርት አይጠብቅም።

የማያዋጣው ሞተር ግን ገና ብረት አይደለም። ካርቡራተሩ፣ የገመድ ማስነሻው፣ የቤንዚን ጋኑ፣ ኩሽኔታው፣ የፓምፑ አካል በሙሉ ለሌላ ፓምፕ ይሆናሉ። ሦስት የቆሙ ፓምፖች ያሉት ማኅበር ፈታቶ ሁለት የሚሠሩ ማግኘት ይችል ይሆናል፤ ያውም ሦስቱ አንድ ዓይነት ከሆኑ ነው። ችግሩ ያለው እዚህ ነው። በየጊዜው በየፕሮጀክቱ የመጡ፣ ሥሪታቸው የተለያየ ፓምፖች ባሉበት ቀበሌ የአንዱ ሬሳ ለሌላው አይረባም። ግዥ የሚፈጽሙ የወረዳ ኃላፊዎች ከዋጋው እኩል ሊጠይቁ የሚገባው ባለፈው ዓመት የተገዛው የትኛው እንደነበር ነው።

የጋራ ንብረት በሆነ ፓምፕ ላይ ደግሞ መካኒኩ ብቻውን አይወስንም። የማኅበሩ አባላት ተስማምተው በቃለ ጉባኤ ሊመዘግቡት ይገባል፤ የመንግሥት ንብረት ከሆነም በንብረት አወጋገድ ሥርዓት ማለፍ አለበት። ይህ ሳይደረግ የተፈታ ፓምፕ ነገ የክስ ምክንያት ይሆናል።

ጊዜው ክረምት ቢሆን ይመረጣል። በሐምሌና በነሐሴ ፓምፑ ሥራ ስለሌለው መካኒኩም ሳይጣደፍ ያየዋል፤ መለዋወጫም እስከ መስኖው ወቅት ይደርሳል። ሲቀመጥም ቤንዚኑ ከጋኑና ከካርቡራተሩ ተቀድቶ መውጣት፣ ዘይቱም መቀየር አለበት። ክረምቱን ውስጡ የከረመ ቤንዚን ዝፍት መስሎ ቀዳዳውን ይደፍናልና በጥቅምት «ተበላሽቷል» ተብሎ ጋራዥ ከሚገባው መካከል ጥቂት የማይባለው ካርቡራተሩን ማጽዳት ብቻ የሚበቃው ነው።