የ3,600 ብሩ የፂም መላጫ

ሳጥኑ ያምራል። ጥቁር ነው፤ ውስጡ በቀይ ከፋይ ተለብጧል። የሚታጠፍ ምላጭ፣ የቆዳ ጠፍር፣ አንድ ድንጋይ፣ ብሩሽና የሳሙና ጎድጓዳ ሳህን በየቦታቸው ተኝተዋል። ቴሌግራም ላይ ፎቶውን ካየሁ በኋላ ሦስት ቀን እንቅልፍ አጣሁ ብል ማጋነን ይሆናል፤ ቻናሉን ግን በቀን አምስት ጊዜ እከፍት እንደነበር አልክድም። ዋጋው 3,600 ብር። ሻጩ «ኦርጅናል ደማስከስ ብረት፣ የዕድሜ ልክ ዕቃ» ብሎ ጽፎበታል። ብሩን በሞባይል ላክሁ፣ ዕቃው በሞተር መጣልኝ።

በማግስቱ ጠዋት መስታወት ፊት ቆምኩ። ምላጩ ፂሜን አልቆረጠውም፤ ነቀለው። ጉንጬ ላይ ሁለቴ ጎተት ሳደርገው ዓይኔ እንባ አቀረረ። ሦስተኛው ላይ አገጬ ሥር ደም መጣ። ፂም መቁረጥ ያቃተው ብረት ቆዳ ለመቁረጥ አልሰነፈም።

ለምን እዚህ ጣጣ ውስጥ እንደገባሁ ልንገራችሁ። አንገቴ ላይ እብጠት ያስቸግረኛል። በተላጨሁ በሁለተኛው ቀን ብጉር የሚመስሉ ነገሮች ይወጣሉ፣ ያሳክካሉ፣ አንዳንዶቹ መግል ይይዛሉ፣ ሲድኑ ደግሞ ጥቁር ነጥብ ትተው ይሄዳሉ። ይህን ስታነቡ እጃችሁን አንገታችሁ ላይ ያደረጋችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ፀጉራችን ጥቅልል ነው። ባለ ሦስትና ባለ አምስት ስለት የሆኑት መላጫዎች የመጀመሪያው ስለት ፀጉሩን ሳብ ሲያደርገው፣ ተከታዩ ከቆዳ በታች ይቆርጠዋል። የተቆረጠው ጫፍ እንደ መርፌ የሾለ ነው። ሲያድግ ይጠመዘዝና ተመልሶ ቆዳችን ውስጥ ይገባል። ሰውነት ደግሞ የራሱን ፀጉር እንደ እሾህ ቆጥሮ ያብጣል።

የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። «ፂምህን ብታሳድገው ይሻላል» አለኝ። የምሠራበት ቦታ ፂም አይፈቅድም። ሁለት ጊዜ ተነግሮኛል፤ ሦስተኛው በደብዳቤ እንደሚሆንም ተነግሮኛል። «እንግዲያው ነጠላ ስለት ተጠቀም፣ ፀጉሩ በሚያድግበት አቅጣጫ ብቻ ተላጭ፣ አንድ ቦታ ላይ አትመላለስ» አለኝ። ነጠላ ስለት የምትለዋን ቃል ይዤ ነው እንግዲህ ቴሌግራም የገባሁት።

ሳጥኑን አቅፌ ሰፈራችን ያሉት ፀጉር አስተካካይ ጋር ሄድኩ። ጋሼ እንላቸዋለን፤ አባቴንም ሲላጩ የኖሩ ሰው ናቸው። ምላጩን ከሳጥኑ አወጡና በአውራ ጣታቸው ጎን ዳሰሱት። መስታወታቸው ሥር ካለው ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አጋድመው በጣታቸው ጫን ጫን ሲያደርጉት ምላጩ እንደ ተንሻፈፈ ወንበር ተወዛወዘ።

«ማነው ይሄን የሸጠልህ?»

«ኦንላይን ነው ጋሼ።»

«ለፎቶ ነው የተሠራው የኔ ልጅ፤ ጠማማ ነው። ጠማማ ብረት ብትስለው አንድ በኩል ይሳላል፣ ሌላ በኩል ይዶለዱማል።»

«ድንጋዩስ? አብሮ መጥቷል እኮ።»

ድንጋዩን በጥፍራቸው ፈገፈጉት። «ይሄ ለሽንኩርት ቢላዋ ነው» አሉና ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩን በደንብ ማጥናት የጀመርኩት። ከመግዛቴ በፊት መሆን ነበረበት፤ የሆነው ሆኗል።

የሚታጠፈው መላጫ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በፊልም የምናየው፣ ስለቱ ራሱ የማይነቀል ብረት የሆነው ነው። ሁለተኛው ፀጉር ቤት የምታዩት ነው፤ ቅርጹ ያው ሆኖ አፉ ላይ ግማሽ ምላጭ ይገባበታል። ጋሼ ሱቅ የሚሸጠውን ባለ ሁለት ስለት ምላጭ ከነወረቀቱ መሃል ለመሃል ቀጭ ያደርጉትና ግማሹን ያስገባሉ። ይህኛው በውጭ ገበያ ሻቬት ይባላል፤ ስትፈልጉ በዚህ ስም ፈልጉት።

የማይነቀለው ዓይነት ሲላጭ ለስላሳ ነው፣ ክብደት ስላለው እጅ ላይ ይረጋጋል። ችግሩ እንክብካቤው ነው። ከመላጨታችሁ በፊት በየጊዜው የቆዳ ጠፍር ላይ ሠላሳ ጊዜ ያህል መመላለስ አለበት። ጀርባው ይቀድማል፣ ስለቱ ይከተላል፤ ስታገላብጡትም በጀርባው ነው። ከተሳሳታችሁ ጠፍሩን ትቆርጡታላችሁ (እኔ የመጀመሪያው ቀን ቆርጬዋለሁ)። በየጥቂት ወሩ ደግሞ ድንጋይ ላይ ይሳላል። ድንጋዩ የቢላዋ ድንጋይ አይደለም። ስለቱን ለማውጣት ቁጥሩ 1,000 አካባቢ የሆነ፣ ለማለስለስ 8,000 እና ከዚያ በላይ የሆነ ያስፈልጋል። እነዚህ ድንጋዮች ብቻቸውን ከምላጩ ሊበልጥ የሚችል ዋጋ አላቸው። እንግዲህ ምላጭ፣ ጠፍርና ሁለት ሦስት ድንጋይ በርካሽ ሳጥን ውስጥ አብረው ከመጡ፣ ሁሉም ለስሙ ብቻ እንደገቡ መጠርጠር ነው። ከእጅ አይሻል ዶማ።

ይህን ውጣ ውረድ ነው ኪንግ ጂሌት የሚባለው አሜሪካዊ ገንዘብ ያደረገው። ሰው ምላጭ መሳል ሰልችቶታል፣ ተጠቅሞ የሚጥለው ስስ ብረት ልሽጥለት አለ። በ1903 እ.ኤ.አ. ገበያ ሲገባ የሸጠው 51 መላጫና 168 ምላጭ ነበር። በዓመቱ ከ90 ሺህ በላይ መላጫ ሸጠ። ጋሼ ቀጭ የሚያደርጉት ምላጭ የዚያው ልጅ ነው።

ሻቬት መሳያም ጠፍርም አይፈልግም። ግን አልዋሻችሁም፣ ለጀማሪ ቀላል ነው የሚሏችሁን አትመኑ። ቀላልነቱ ለኪስ ነው። አዲስ ምላጭ በጣም ስለታም ነው፤ መያዣው ደግሞ ቀላል ስለሆነ እጅ ትንሽ ሲጫን ወዲያው ይናገራል። እኔ በመጀመሪያው ሳምንት አራት ቦታ ተቆርጫለሁ። ሆኖም በጠማማ ብረት ከመነቀል በንጹህ ስለት መቆረጥን እመርጣለሁ፤ ቢያንስ ጥፋቱ የኔ እንደሆነ አውቃለሁ።

ስለዚህ ከሳጥኑ ኪሳራ በኋላ የገዛሁት ይህ ነው። አንድ ባለ ብረት ሻቬት። ሁለት ፓኬት ምላጭ። የፂም ሳሙና። ብሩሹንና ጎድጓዳ ሳህኑን ከዚያው ሳጥን አወጣሁ፤ እነሱ ምንም አልሆኑም። ሁሉም ተደምሮ የሳጥኑን ሩብ እንኳ አልሞላም። አንድ ፓኬት 5 ምላጭ አለው፤ ሲሰበር 10 ግማሽ ይሆናል። እኔ አንዱን ግማሽ ሁለት ጊዜ እላጭበታለሁ፣ በሳምንት ሁለቴ ነው የምላጨው። አንድ ፓኬት አሥር ሳምንት ያደርሰኛል ማለት ነው። ባለ አምስት ስለቱን መላጫ ከነመቀየሪያው ስገዛ የነበረበትን ጊዜ ሳስብ ይቆጨኛል።

ሻቬት ስትገዙ ምላጭ አስገብታችሁ እዩት። ስለቱ በሁለቱም ጫፍ እኩል መውጣት አለበት፤ በአንድ በኩል ገፋ ብሎ ከወጣ ያ ጥግ ነው የሚቆርጣችሁ። ከገባም በኋላ መነቃነቅ የለበትም። መያዣው ፕላስቲክ የሆነው ይረክሳል ግን ላላ ሲል አያስታውቅም፤ ስለዚህ ብረት ይሁን። ሲዘጋ ስለቱ እጀታው መሃል መግባቱንም ተመልከቱ። ቴሌግራም ላይ ከሆነ ሻጩን ምላጭ ገብቶበት ከላይ የተነሳ ፎቶ ጠይቁት። ካልላከ አልፋችሁ ሂዱ።

የማይነቀለውን የግድ እፈልጋለሁ ለምትሉ፣ በተለይ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ላላችሁ፣ ጥቂት ነገር። ለላኪው «ለመላጨት ዝግጁ ሆኖ የተሳለ ይሁን» በሉት፤ ብዙዎቹ ከፋብሪካ ሲወጡ በደንብ አልተሳሉም። ስፋቱ በኢንች ስምንተኛ ነው የሚለካው፤ ለጀማሪ 5/8 ወይም 6/8 ይበቃል። ጫፉ ሹል ሳይሆን የተጠጋጋ ይሁን፣ ጆሮ ሥር ስትደርሱ ታመሰግኑኛላችሁ። «ዞሊንገን» የሚል ጽሑፍ ካያችሁ የጀርመን ከተማ ስም ነው፤ ስሙ ከ1938 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ ነው። እርግጥ ሕጉ ጀርመን ነው ያለው፣ ሐሰተኛ ማኅተም የሚመታው ሌላ ቦታ ነው። «ደማስከስ» የሚለው የሞገድ ጌጥ ደግሞ ርካሽ ዕቃ ላይ ብዙ ጊዜ በአሲድ የተሳለ ሥዕል ብቻ ነው። እና ዘመዳችሁ ምላጩን በእጅ ሻንጣው እንዳይዘው ንገሩት፤ ኤርፖርት ላይ ይቀራል።

አጠቃቀሙን ጋሼ ናቸው ያስተማሩኝ፣ ሁለት ቅዳሜ ወስዶብናል። መጀመሪያ በሙቅ ውሃ መታጠብ ወይም ሙቅ ፎጣ፤ ፂም ሲርስ ይለሰልሳል። ሳሙናውን በብሩሽ አረፋው ወፍራም እስኪሆን መምታት። ምላጩን ፊት ላይ አስተኝቶ ከዚያ ጀርባውን በትንሹ ማንሳት፣ 30 ዲግሪ አካባቢ። አጭር አጭር መጎተት። ወደ ጎን ማንሸራተት በፍጹም የለም፤ ሥጋ የሚቆረጠው እንደዚያ ነው። በሌላው እጅ ቆዳውን መወጠር ያስፈልጋል፣ ግን የኔ ዓይነት እብጠት ያለበት ሰው በጣም ከወጠረው ፀጉሩ ከቆዳ በታች ይቆረጥና ያው ችግር ይመለሳል። እጥፋቱ እስኪጠፋ ያህል ብቻ።

«የመጀመሪያ ሳምንት ጉንጭህን ብቻ ላጭ» አሉኝ ጋሼ። «የቀረውን በለመድከው ጨርስ። አገጭና ከንፈር ላይ እጅህ ሲረጋ ትደርሳለህ።» አልሰማኋቸውም። ከላይ ከነገርኳችሁ አራት ቁስሎች ሦስቱ አገጬ ላይ ናቸው።

አንድ ነገር ግን ቀልድ የለውም። ልጆች እያለን ስለ ኤች አይ ቪ ሲነገረን «ስለታም ነገሮችን በጋራ አለመጠቀም» የሚለውን በቃላችን ይዘነው ነበር፤ አሁን አሁን የረሳነው ይመስለኛል። ወንድሜ የኔን መላጫ አንስቶ ሲላጭበት አገኘሁት። «ታጥቧል እኮ» አለኝ። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ ለ7 ቀን ሊቆይ ይችላል፤ ደሙ በዓይን ባይታይም። ክትባት አለው፣ ግን ወንድሜም እኔም አዋቂ ሆነን አልተከተብንም ነበር። አሁን ለእሱ የራሱን ሻቬት ገዝቼለታለሁ። ፀጉር ቤትም ስትሄዱ አዲሱ ምላጭ ዓይናችሁ እያየ ከወረቀቱ ይውጣ። ካልሆነ ጠይቁ፤ ጋሼ ሲጠየቁ ደስ ይላቸዋል፣ የሚቆጣ ካለ ሌላ ፀጉር ቤት አለ። የተጠቀማችሁበትን ግማሽ ምላጭ ደግሞ ቆሻሻ ከረጢት ውስጥ አትጣሉት። ቆሻሻ የሚሰበስቡት እናቶች በባዶ እጃቸው ነው የሚያነሱት። እኔ ክዳኑ ላይ ቀዳዳ ያበጀሁለት የቡና ቆርቆሮ አለኝ።

እብጠታችሁ ከባድ ከሆነ፣ መግል የሚይዝ ወይም ሲድን ጠባሳው ወፍራም ሆኖ የሚቀር ከሆነ፣ ይሄን ሁሉ ተዉት። የትኛውም ምላጭ አያዋጣችሁም። ፂሙን አንድ ሚሊሜትር ያህል የሚያስቀር የኤሌክትሪክ መከርከሚያ ይሻላችኋል፤ ከሥራ ቦታ ጋርም የሐኪም ወረቀት ይዞ መነጋገር ይቻላል። የአሜሪካ ጦር እንኳ በዚሁ ችግር ለወታደሮቹ ካለመላጨት ፈቃድ ሲሰጥ ኖሯል። የኔ መካከለኛ ስለነበር ተረፍኩ። ሦስት ወር ሆኖኛል። አንገቴ ላይ ጥቁሮቹ ነጥቦች አሁንም አሉ፣ አዲስ እብጠት ግን በወር አንድ ሁለት ቢወጣ ነው፤ እሱም ስቸኩል ከታች ወደ ላይ የላጨሁ ቀን። ደብዳቤውም አልመጣም።

የ3,600 ብሩን ምላጭ እህቴ ካርቶን መክፈቻ አድርጋዋለች። ካርቶኑንም በደንብ አይቆርጥም ትላለች።