ደረት ላይ ያለችው ቀይ አበባ… የእኛስ የታለች?

ጥቅምት አልቆ ኅዳር ሊገባ ሲል የእንግሊዝን ፕሪምየር ሊግ የምትከታተሉ ሁሉ ሳታዩ አልቀራችሁም። የተጫዋቾቹ ማልያ ላይ አንዲት ቀይ አበባ ትለጠፋለች። አሠልጣኞቹም ኮታቸው ላይ ይሰኳታል። እዚሁ ሐዋሳ ፒያሳ አንድ ኳስ ማሳያ ቤት ቁጭ ብዬ ሳለሁ አጠገቤ የነበረ ወጣት «ይቺ ደግሞ የማን ስፖንሰር ናት?» ብሎ ጓደኛውን ጠየቀው። ጓደኛውም «የካንሰር ቀን መሰለኝ!» አለው። እኔም ነገሩን ላጫውታችሁ ብዬ ብዕሬን አነሳሁ።

አበባዋ ፖፒ ትባላለች። ዘሯ አፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይቆይና መሬቱ ሲገለባበጥ ብርሃን አግኝቶ ይበቅላል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቤልጅግና ሰሜን ፈረንሳይ በመድፍ ሲታረሱ፣ ምሽጉም መቃብሩም ቀይ ለበሰ። ካናዳዊው ሐኪም ጆን ማክሬ ይህን አይቶ እ.ኤ.አ. በ1915 ግጥም ጻፈ። ጦርነቱ ባበቃበት በ1918 ሞይና ማይክል የተባለች አሜሪካዊት መምህርት ግጥሙን አንብባ አበባዋን ደረቷ ላይ ሰካች። በ1921 የእንግሊዝ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር ፖፒን መሸጥ ጀመረ። በዓመቱ ደግሞ አካለ ጎዶሎ የሆኑ ወታደሮች ራሳቸው አበባውን የሚሠሩበት ፋብሪካ ተከፈተ።

ልብ በሉ! አበባዋ ጌጥ ብቻ አይደለችም። የገዢው ሳንቲም ለቁስለኛው ዳቦ፣ ለሟች ልጆች ልብስ ይሆናል። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው።

ታዲያ እዚያም ቢሆን ሁሉም አይስማማም። እ.ኤ.አ. በ1933 የሴቶች ማኅበር አባላት «ጦርነት ይብቃ» ብለው ነጭ ፖፒ አወጡ። የአየርላንዱ ኳስ ተጫዋች ጄምስ ማክሊንም ቀዩን አልለብስም ብሏል። የተወለደባት ደሪ ከተማ በ1972 የእንግሊዝ ወታደሮች ሰልፈኞችን የገደሉባት ናት። «ለሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ሟቾች ብቻ ቢሆን ኖሮ እለብሰው ነበር» ሲል በደብዳቤ አስረድቷል። አያችሁ? አንዱ የሚያከብረው ወታደር ሌላውን ያሳዘነ ሊሆን ይችላል።

ወደ እኛ እንምጣ። የእኛ ቀን ሚያዝያ 27 ነው። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው በዚያ ቀን ነው። ልክ በአምስተኛው ዓመት፣ በ1933 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ ዋና ከተማቸው ተመልሰው ገቡ። በዕለቱ አርበኞች ጎፈር ደፍተው፣ ሜዳሊያቸውን ደርድረው አራት ኪሎ ይወጣሉ። ዛሬ ዛሬ የምናየው ግን አብዛኛው የአባቱን ሜዳሊያ የለበሰ ልጅና የልጅ ልጅ ነው። ያኔ የ15 ዓመት ጎረምሳ የነበረ ሰው ዛሬ መቶን አልፏልና!

ነገሩ ለሐዋሳ ልጅም ሩቅ አይደለም። የሲዳሞ ገዢ የነበሩት ራስ ደስታ ዳምጠው ከዚሁ ከደቡብ ተነስተው ሲዋጉ ቆይተው የካቲት 1929 ዓ.ም. ቡታጅራ አካባቢ ተይዘው ተገደሉ።

ግን ክብር በአገራችን ከመንግሥት ጋር ይለዋወጣል። ደርግ የድሉን በዓል ወደ መጋቢት 28 ወስዶት ነበር፤ ደርግ ሲወድቅ ወደ ቦታው ተመለሰ። ቃኘው ሻለቃ ብላችሁ ኮሪያ የዘመቱትንም አስቡ። ከ3,500 በላይ ዘምተው ከ120 በላይ ሕይወታቸውን ሰጥተዋል። በደርግ ጊዜ ግን «ኮሚኒስት የተዋጋ» ተብለው በጥርጣሬ ታዩ።

አንድ የማውቃቸው የታቦር ሰፈር አባት አሉ። በ1970 ዓ.ም. የሶማሊያን ጦር ሲዋጉ ካራማራ ላይ አንድ እግራቸውን አጥተዋል። ሜዳሊያቸው የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነው። «ለምን አያደርጉትም?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ እግሬ ሲቀር ለአገር ነው ብዬ ነበር» አሉኝ። «መንግሥት ሲለወጥ ‹የደርግ ወታደር› አሉኝ። መንግሥት ተለወጠ፤ እግሬ ግን አልበቀለም!»

ሴት ልጃቸው ትምህርት ቤት ሳለች አባቷ ምን እንደነበሩ ለጓደኞቿ ተናግራ አታውቅም። «ይስቁብኛል ብዬ ነው» አለችኝ። ይህን ስትል አባቷ ይሰሟት ነበር። አንገታቸውን ደፉ።

ታዲያ ምን እናድርግ? እኔ እንዲህ እላለሁ።

አንደኛ፣ ፖለቲካውን ከሰውዬው ለይ። ጦርነቱን ያወጀው ሌላ ነው፤ እግሩን ያጣው እሱ ነው። ጦርነቱን ሳትወደው ቁስለኛውን ማክበር ትችላለህ።

ሁለተኛ፣ ሜዳሊያ ያደረጉ አባት ወይም እናት ስታይ ሳታስፈቅድ ፎቶ አታንሳ። «ስንት ገደሉ?» ብለህም አትጠይቅ፤ ቁስል መነካካት ነው። «የት ዘመቱ? አብረዎት የነበሩትስ?» ብትል ይበቃል። ከዚያ ዝም ብለህ አዳምጥ፤ ከተቻለም ጻፈው።

ሦስተኛ፣ የካቲት 23 የዓድዋን ባለ ሦስት ቀለም ቲሸርት ስንገዛ ነጋዴውን «ከዚህ ውስጥ ለቁስለኛ የሚደርስ ሳንቲም አለ?» እንበለው። የሐዋሳ ወጣት ከፈለገ የራሱን አበባ ከክር ሠርቶ፣ ሽጦ፣ ገቢውን ለአንድ ጉዳተኛ የቤት ኪራይ ማድረግ አያቅተውም። እንግሊዞቹም ከፋብሪካ በፊት የጀመሩት በአንዲት መምህርት ደረት ነው።

በቤታችሁ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ የተደበቀ ሜዳሊያ ካለ፣ ባለቤቱ በሕይወት ሳሉ አስከፍቷቸው። ሐውልት አይናገርም፤ እሳቸው ግን ገና ይናገራሉ።

ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!