ዕጣንና ቍጣ

በሳንጃ ከተማ የምትኖር አንዲት ተማሪ ማታ የእንግሊዝኛ ትምህርቷን ስታጠና «ኢንሴንስ» የሚል ቃል አገኘች እንበል። ቃሉ ዕጣን ማለት እንደ ሆነ ታውቃለች። በመጽሐፏ የተጻፈው ግን የባልንጀራው ንግግር አንድን ሰው «ኢንሴንስ» እንዳደረገው ነው። ስለዚህ ግራ ገብቷት፥ «አባባ፤ ሰው እንዴት ዕጣን ይሆናል?» ብላ አባቷን ትጠይቃለች። መልሱ አጭር ነው፤ በውስጡ ያለው ትምህርት ግን ለቤተ ሰብ ሁሉ የሚበቃ ነው።

ቃሉ የተገኘው ከላቲን ነው። በላቲን «ኢንኬንዴሬ» ማለት ማቀጣጠል ማለት ነው። ከዚህ ከአንድ ሥር ሁለት ቅርንጫፎች ወጡ፤ አንደኛው በእሳት ላይ የሚታጠነውን ዕጣን፥ ሁለተኛው ሰውን እጅግ ማስቈጣትን የሚያመለክት ሆነ። በጽሕፈት አንድ ናቸው። በንባብ ግን ስም ሲሆን የድምፁ ጫና በፊተኛው ክፍል፥ ግሥ ሲሆን በኋለኛው ክፍል ላይ ይወድቃል። ግሡም ለጥቂት ቅሬታ አይነገርም፤ ሰው ተዋረድሁ ወይም ተበደልሁ ብሎ በብርቱ ሲቈጣ የሚነገር ነው።

የእኛም ቋንቋ ከዚህ የራቀ አይደለም። «ነደደ» ብለን ስለ እሳት፥ «አናደደ» ብለን ስለ ሰው እንናገራለን። የተናደደም ሰው «ቆሽቴ አረረ፤ አንጀቴ ተቃጠለ» ይላል። እንግዲህ የላቲኑም ሰው የጎንደሩም ሰው ቍጣን ያዩት እሳት አድርገው ነው። እሳት ደግሞ በራሱ አይነሣም፤ የሚለኵሰው እጅ ይፈልጋል።

ሳንጃ በታች አርማጭሆ፥ ከጎንደር በስተሰሜን ምዕራብ ያለች የቆላ ከተማ ናት። የዕጣን ዛፍ የሚበቅለውም በዚሁ በሰሜን ምዕራብ ጎንደር ቆላ ነው። ሠራተኞች በበጋው ወራት የዛፉን ልጥ በስለት እያቈሰሉ የሚፈስሰውን ሙጫ ሲደርቅ ይለቅማሉ። ዛፉ በልክ ቢነካ መዓዛ ይሰጣል፤ ዕረፍት ሳያገኝ በላይ በላዩ ቢቈስል ግን ይደክማል፥ ፍሬውም ለዘር የማይበቃ እየሆነ ይሄዳል።

ልጅም እንዲሁ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ኤፌሶን ሰዎች በላከው መልእክት በምዕራፍ 6 አባቶችን ልጆቻችሁን አታስቈጡ ብሎ ማዘዙ ተግሣጽን ለመከልከል አይደለም፤ ወዲያው አያይዞ በምክርና በተግሣጽ እንዲያሳድጓቸው ይነግራቸዋልና። የከለከለው ልጅን በእንግዳ ፊት ማዋረድን፥ ከወንድሙ ጋር እያነጻጸሩ መስደብን፥ ያለፈውን ጥፋት በየማዕዱ ማንሣትን የመሰለ ነገር ነው። እንዲህ ያለው ቃል አያርምም፤ ያቈስላል።

በጎረቤት መካከልም የሚለኰስ ቃል አለ። «የወንድምህን ደም ሳትመልስ ትበላለህን?» የሚል አንድ ሽሙጥ ሰውን ከቤቱ አስወጥቶ ለደም ያደርሰዋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 541 በከባድ ማነሣሣት ምክንያት የተፈጸመን ግድያ ቅጣት ያቀልላል፤ ከአምስት ዓመት በማይበልጥ ቀላል እሥራት ይወስነዋል። ይሁን እንጂ የቅጣቱ መቅለል የሟቹን እናት እንባ አያብስም። ከአፍ የወጣ ቃል ከአፋፍ የወደቀ እንቍላል ነው የተባለውም ስለዚህ ነው።

እነሆ፥ ዕጣንና ቍጣ አብረው የሚገኙበት አንድ ታሪክ በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 16 ተጽፎአል። ሕዝቡ በሙሴና በአሮን ላይ ባጕረመረመ ጊዜ መዓት ወርዶ 14 ሺህ 700 ሰዎች ሞቱ። በዚያን ሰዓት አሮን የሕዝቡን ስድብ በስድብ አልመለሰም፤ ከመሠዊያው እሳት በጽናው አድርጎ ዕጣን ጨመረበትና እየሮጠ በሙታንና በሕያዋን መካከል ቆመ፤ መቅሠፍቱም ተከለከለ።

ስለዚህ አባት ለልጁ እንዲህ ብሎ ሊመልስላት ይችላል፦ «ልጄ ሆይ፤ እሳቱ አንድ ነው። በደረቅ ሣር ላይ የጣለው ሰው አገር ያቃጥልበታል፤ በጽና ይዞ ዕጣን የጨመረበት ግን ቤቱን መልካም መዓዛ ይሞላበታል። ነገ ባልንጀራሽ ክፉ ቃል ብትናገርሽ፥ የያዝሽው ሣር ይሁን ዕጣን አስቀድመሽ ተመልከቺ።»